ከቦዩ ወዲያ ያሉት ቀፎዎች

አናርካን ወደ ተራራው መንደር ወደ ቴረክ-ሱ በሙሽርነት ስትመጣ ንብ ገና ከሩቅ ያስበረግጋት ነበር። የተወለደችው ታች ሜዳው ላይ፣ ጥጥ ከሚያበቅሉ ሰዎች ነው። በገባች በሳምንቷ አንዲት ንብ የዐይኗን ቆብ ነደፈቻት። ሙሽራ ናትና እንግዳ ፊት አትጮህ ነገር፣ አንድ ዐይኗ ተደፍኖ ሻይ ስትቀዳ ዋለች። አማቷ ሽማግሌው ማሚርኩል ይህን አይተው ከት ብለው ሳቁና፣ «እንግዲህ ከእኛ ቀድመው ንቦቹ ሳሙሽ፤ የነሱ ነሽ» አሏት። ቤተሰቡ ቀልድ መሰለው። ሽማግሌው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቀፎ ሲሄዱ አስከትለው የሚሄዱት ልጃቸውን ኑርማትን ሳይሆን ምራታቸውን ሆነ።

ይህን ሁሉ የማውቀው የእኔንና የእነሱን ግቢ የሚለየው አንድ የጭቃ ግንብ ብቻ ስለሆነ ነው። ባሌ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ በየዓመቱ ሙቀቱ ሲገባ የማሚርኩልን ቀፎዎች ወደ ተራራው ግጦሽ የሚያወጣው እሱ ነበር። ኑርማት በጎልማሳነቱ ልቡ ቀጥ ብሎ ሲሞት አናርካን ልጇን ይዛ ወደ ወላጆቿ ትመለሳለች ብለን ነበር። አልሄደችም። ልጇን ዳረች፤ አማቶቿን እየጦረች፣ ከሽማግሌው ጋር ንብ እየጠበቀች ኖረች። መጨረሻ ላይ የሽማግሌው ዐይን ሲደክም እሷ ጆሮም ዐይንም ሆነችላቸው።

ሽማግሌው ባለፈው መኸር ሲሞቱ ንቦቹን ለሁለት ከፍለው ተናዘዙ። በግቢው መሐል የመስኖ ቦይ ያልፋል። ከቦዩ ወዲህ ያሉት ቀፎዎች የአናርካን፣ ከቦዩ ወዲያ ያሉት የበኩር ልጃቸው የሳቲባልዲ ሆኑ። ሳቲባልዲ ዕድሜውን ያሳለፈው ሩቅ ሰሜን፣ አልታይ ውስጥ በአንድ ትልቅ የንብ እርባታ ነው። ፀጉሩ ሸብቶ፣ ትዳሩ ፈርሶ ተመለሰ። ንብ ግን ያውቃል፤ ይህን አናርካንም አትክድም። ነገሩ ሁለቱም ያውቃሉ፣ የሚያውቁት ግን አንድ አይደለም።

የማሚርኩል ሥርዓት አጭር ነበር። በመኸር ለንቦቹ ማር አብዝተህ ትተውላቸዋለህ፤ ከላይ የበግ ፀጉር ባና ትደርብላቸዋለህ፤ ከዚያ አፕሪኮቱ እስኪያብብ ድረስ እጅህን ትሰበስባለህ። «የተኛ ሰው አይገለጥም» ይሉ ነበር። አናርካን ከዚህ ዝንፍ ብላ አታውቅም።

ያን ዓመት በረዶው ቶሎ ቀለጠ። መጋቢት ገና ሲገባ ፀሐዩ ጀርባ የሚያሞቅ ሆነ። ንቦቹ በብርዱ ወራት ሆዳቸው ውስጥ ይዘው የከረሙትን ሊጥሉ ግልብጥ ብለው ወጡ፤ እኔ ያሰጣሁት አንሶላ ሁሉ ቢጫ ነጠብጣብ ሆነ። በማግስቱ ሳቲባልዲ እጅጌውን ሰብስቦ ቀፎዎቹን አንድ በአንድ ይከፍት ጀመር። ከሥራቸው የረገፈውን ሙት ንብ ጠረገ፤ ሻጋታ የነካውን የማር እንጀራ አወጣ፤ ንግሥቲቱ እንቁላል የምትጥልበት ባዶ እንጀራ ጨመረ፤ ከላይ ለብ ያለ የስኳር ውሃ አስቀመጠላቸው። ባናውንም አንስቶ አጥር ላይ አሰጣው።

አናርካን ከወዲህ ቆማ ማየት አቃታት። በእኛ ዘንድ የባል ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም፤ «ባይኬ» ነው የምትለው።

«ባይኬ፣ ገና እኮ ነው። ብርዱ አልወጣም።»

«ብርዱን ስጠብቅ ግራሩ ያመልጠኛል» አለ ቀና ሳይል። «ነጩን ግራር የምትቀስመው ንብ እንቁላሏ ዛሬ ነገ ካልተጣለ መቼ አድጋ መቼ ልትበር ነው? ግራሩ እንደሆነ አበባውን ይዞ አይጠብቅሽም።»

«አባባ እስከ አፕሪኮቱ አይነኩም ነበር።»

«አባባ ስንት ማር ይቆርጡ ነበር?»

«ለቤት የሚበቃ፣ ለጎረቤት የሚተርፍ።»

«እሱን ነው የምልሽ! አንቺ እንደ ዶሮ ታቀፊበት። ሲፈለፈልልሽ ጥሪኝ።»

የአናርካን ፊት ቀላ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፣ ባይኬ።»

«የዘገየስ? የዘገየ ለቅሞ ያውቃል?»

እኔ ግንቡ ላይ ክርኔን አስደግፌ ነበርና ሳቄን ዋጥኩ። አናርካን አየችኝ፤ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱ ቦዩን ተሻግረው አልተነጋገሩም። የሚነጋገሩት በሳቲባልዲ እናት በአፓ ዙራካን በኩል ነበር፤ አፓ ማለት እማማ እንደ ማለት ነው። አፓ የሚኖሩት ከአናርካን ጋር ነው፤ የሚያድሩት ደግሞ በሁለቱም ሐሳብ ነው። «አንዱ ከቀኝ አንዱ ከግራ ይጎትተኛል፤ እኔ ምን ላድርግ፣ ተቀድጄ ልለቅ?» ይሉኝ ነበር።

የፀደዩ አዲስ ዓመት፣ የኖሩዝ በዓል ሲደርስ ልዩነቱ ዕውር የሚያየው ሆነ። ከቦዩ ወዲያ ያሉት ቀፎዎች ገበያ መሰሉ። ንቦቹ ከአኻያው አበባ ቢጫ ዱቄት በእግራቸው ቋጥረው እየተጋፉ ይገባሉ፤ ጉምጉምታቸው እኔ ቤት ውስጥ ይሰማል። ከቦዩ ወዲህ ጥቂት ንቦች ይወጣሉ፣ ጥቂት ይገባሉ። ለበዓሉ የመጣው ሰው ሁሉ እየተንጠራራ አየ። አንዱ ጎረምሳ፣ «አናርካን እጄ፣ የአንቺዎቹ ጾም ላይ ናቸው?» አላት፤ እጄ ማለት እትዬ ማለታችን ነው። ሰው ሳቀ። እሷ ዳቦ መቁረሷን ቀጠለች፤ ቢላዋው ግን መክተፊያውን መታ።

ሌላም ነገር ነበር። ከእሷ ቀፎዎች አንዱ፣ ከእንጆሪው ዛፍ ሥር ያለው፣ ንቦቹ ይወጣሉ ይገባሉ እንጂ ዱቄት ይዘው አይገቡም። ሳቲባልዲ ይህን ከወዲያ ሆኖ አየና በእናቱ በኩል ላከባት፤ «ያቺ ቀፎ ንግሥት የላትም በሏት። እጭ ከሌለ ዱቄት ለማን ይወሰዳል? ትክፈታትና ትያት፤ ካልሆነም ከሌላ ጋር ትቀላቅላት።»

አፓ መልእክቱን አደረሱ። አናርካን ሰማች። እኔም ነበርኩ።

«አፕሪኮቱ ሲያብብ አያታለሁ» አለች።

«ልጄ፣ እውነቱን ቢሆንስ?»

«ቢሆንም አፕሪኮቱ ሲያብብ አያታለሁ።»

ልቧ ጠርጥሮ እንደነበር አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ከዚያች ቀፎ ፊት ስትቁነጠነጥ አያት ነበር። እጇ ወደ ክዳኑ ይሄድና ይመለሳል። ያን ጊዜ ብትከፍት ከቦዩ ወዲያ የሚያይ ዐይን አለ።

ሚያዝያ ሲገባ አፕሪኮቱ አንድ ሁለት ቅርንጫፍ ላይ ፈነዳ። የሳቲባልዲ ንቦች ቀፎው አልበቃ ብሏቸው ደጃፉ ላይ ተንጠላጠሉ። ተጨማሪ ሣጥን ሊያመጣ ወደ ከተማ ለመውረድ ተነሣ። ጫማውን እያሰረ ለእናቱ ተናገረ፤ ድምፁን ከፍ ያደረገው ግን አናርካን እንድትሰማው ነው።

«እኔ እስክመለስ የእኔን ቀፎ ማንም እንዳይነካ። ቢቃጠልም አይነካ!»

«ማን ይነካዋል ብለህ ነው?» አሉ አፓ።

«ለሚሰማ ነው የተናገርኩት።»

አናርካን ላሟን እያለበች ነበር። ጀርባዋን አላዞረችም።

በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ ዞረ። ከተራራው በኩል የሚነፍስ፣ ጥርስ ያለው ነፋስ ነው። እኩለ ቀን ላይ ዝናብ ጀመረ፣ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ፤ እርጥብ፣ ከባድ በረዶ። ማታ መብራት ጠፋ። ሲነጋ የአፕሪኮቱ አበባና በረዶው አንድ ላይ ቅርንጫፉን አጉብጠው ሰብረውት ነበር። ባሌ በመኪናው ሊወርድ ሞክሮ ተመለሰ፤ ገደሉ አጠገብ በረዶ ተንዶ መንገዱን ዘግቶታል አለ። ስልክም አይሠራም። ሳቲባልዲ ታች ከተማ፣ ንቦቹ እዚህ ላይ።

በረዶው ያን ቀን ሙሉ ጣለ። በተከታዩ ቀን ጠዋት ወጥቼ ሳይ አናርካን ከቦዩ ዳር ቆማለች። ቆማ ትሰማለች። ቀረብኳት።

«ምን ሆንሽ?»

«ዝም ብለዋል» አለች።

«ብርድ ነው፤ ንብ በብርድ ዝም አይልም?»

«የእኔዎቹ ዝም ይበሉ። እነዚያ ዝም ማለት የለባቸውም። ከሥራቸው ስንት እጭ እንዳለ ታውቂያለሽ? ያን ሁሉ እጭ የሚያሞቁት ማር እየበሉ ነው። ማር ግን የላቸውም። እሱ ያጠጣቸውን የስኳር ውሃ ሁሉ ልጅ አሳድገውበታል።»

«የስኳር ውሃ እንጨምርላቸዋ።»

«በዚህ ብርድ ወጥተው አይጠጡም። እጫቸውን ትተው አይነቃነቁም። እዚያው እንደታቀፉ ነው የሚያልቁት።»

ይህን ብላ ቦዩን ተሻገረች። ከብዙ ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። በረዶውን ከአንዱ ቀፎ ላይ ጠረገች፣ ጆሮዋን ጎኑ ላይ ለጠፈች፣ ጣቷን አጥፋ ኳ አደረገች። ጤነኛ ቀፎ ሲኳኳ «ኡፍ» ብሎ ወዲያው ጸጥ ይላል፤ ይህን እኔም ከእሷ ሰምቼ አውቃለሁ። እኔንም ጎትታ አስደገፈችኝ። የሰማሁት ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ የሚመስል፣ የማያልቅ፣ ደካማ ድምፅ ነው። ደጃፉ ላይ ሁለት ሦስት ንቦች እየተሳቡ ወጥተው በረዶው ላይ ወደቁ።

«እየተራቡ ነው» አለች። «ዛሬን ቢውሉ ነገን አያድሩም።»

ወደ ቤት ገባን። አፓ ዙራካን ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ አናርካን ምን ልትል እንደሆነ ከፊቷ አወቁ።

«አትንኪ ብሎሻል» አሉ ገና ሳትናገር።

«ብሎኛል።»

«ነክተሽ ቢሞቱ አንቺ ገደልሽ ይላል። ዕድሜ ልኩን ይላል። መንደሩም ይቀበለዋል። ካልነካሽ ግን ብርድ ገደላቸው ይባላል።»

«እኔ ግን ርሃብ እንደገደላቸው አውቃለሁ፣ አፓ።»

«ልጄ፣ ቢቃጠልም አይነካ ነው ያለው።»

ምድጃው ውስጥ ኩበቱ ይንጣጣል። እኔ በልቤ ተዪው እያልኩ ነበር። በብርድ ቀፎ መክፈት ማለት እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስታወግዝ የኖረችው ነገር ነው፤ አንድ ደቂቃ ካጠፋሽ ሙቀቱ በንኖ እጩ ይደርቃል። የሰው ንብረት፣ ያውም የባይኬ፣ ያውም እያሾፈባት የከረመ ሰው!

«እኔ የአባባን ንብ ነው የማየው» አለች በመጨረሻ፤ ተነሥታም ወደ ጓዳ ገባች።

ጓዳ ውስጥ ሽማግሌው ሳይሞቱ ከእሷ ጋር ያስቀመጡት፣ ከነማሩ የተደረደረ የማር እንጀራ አለ፤ ለክፉ ቀን የተባለ፣ ለእሷ ንቦች። እንጀራዎቹን አወጣችና ምድጃው ዙሪያ አቆመቻቸው። ሲሞቁ የሰፈፍ ክዳናቸውን በሹካ ጫረችው፤ ማሩ እንዳላበው ሰው ያብለጨልጭ ጀመር። ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቀለለቻቸው። እኔን የፕላስቲክ ሸራ አስያዘችኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። እኔ ሸራውን እንደ ድንኳን ቀፎው ላይ እዘረጋለሁ፤ እሷ ከሥር ትገባለች። ክዳኑን በአንድ ጎን ብቻ ከፍ አድርጋ፣ ዳር ላይ ያለውን ባዶ እንጀራ ስባ፣ የሞቀውን ማር ንቦቹ ከታቀፉበት አስጠግታ ትሰካለች። ክዳን። ቀጥሎ። አትናገርም፣ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ንቦቹ ሊነድፏት እንኳ አቅም አልነበራቸውም፤ ይህ ከሁሉ የባሰ አስፈራኝ።

«ባናው የት አለ?» አለች። «ማር ሰጥቼያቸው ከላይ ራቁታቸውን ልተዋቸው?»

ባናዎቹ ከአጥሩ ላይ ሳይነሡ ዝናብ ጠጥተው በርደው ድንጋይ ሆነዋል። አናርካን ቤት ገብታ ተመለሰች። በደረቷ የታቀፈችው የሙሽርነቷን ብርድ ልብሶች ነው፤ በእኛ አገር ሴት ልጅ ከእናቷ ቤት ይዛ የምትመጣው፣ ግድግዳው ሥር ተደርቦ የቤት ክብር ሆኖ የሚኖር፣ እንግዳ ካልመጣ የማይዘረጋ። ቀዩንም፣ አረንጓዴውንም፣ ሐር የለበሰውንም ቀፎ ላይ አለበሰችው፤ ከላይ ፕላስቲክ ጣለችበት።

«ኧረ አናርካን! ይበላሻል!»

«ያዢ ዝም ብለሽ።»

ሐሩ ለግማሹ እንኳ አልበቃም። ዘወር ስል አፓ ዙራካን በሩ ላይ ቆመዋል። በረዶው ሻሻቸው ላይ ይወርዳል። በትከሻቸው የራሳቸውን ብርድ ልብስ፣ ከአርባ ዓመት በላይ የቆየውን፣ ተሸክመዋል። ቦዩን በዱላቸው ተሻግረው መጡና ገና ራቁቱን የነበረ ቀፎ ላይ ራሳቸው ጣሉት።

ከቀትር በኋላ የጓዳው ማር አለቀ። ያልተነኩ የሳቲባልዲ ቀፎዎች ገና ነበሩ። አናርካን ቦዩ መሐል ላይ ቆመች፤ ወዲያ አየች፣ ወዲህ አየች። ምን እያሰበች እንደሆነ ገባኝ። የቀረው ማር በራሷ ቀፎዎች ውስጥ ነው።

ከእንጆሪው ሥር ካለችው ጀመረች። ክዳኑን ስታነሣ ሸራውን ይዤ ነበርና አብሬ አየሁ። ጥቂት የጠወለጉ ንቦች፣ በመዳፍ የሚታፈስ ያህል። አንድ እንቁላል የለም፣ አንድ እጭ የለም። ንግሥቲቱ ከሞተች ቆይታለች። ማሩ ግን ሳይነካ ሞልቷል።

አናርካን ሁለተኛዋን ከፈተች። ይቺ ደግሞ ንግሥቲቱም ሠራተኞቹም እንደታቀፉ ሞተዋል። አንዱ ጥግ ላይ ነበሩ፤ ማሩ በሌላው ጥግ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት። ብርዱ መጥቶ ሲይዛቸው እዚያ መድረስ አቅቷቸዋል። ከሳምንታት በፊት አንድ ሰው ከፍቶ እንጀራውን ቢያቀርብላቸው ኖሮ በሕይወት ነበሩ።

ተንበረከከች። ራሳቸውን እንጀራው ቀዳዳ ውስጥ እንደቀበሩ የሞቱትን ንቦች በጣቷ ነካች። «ነግሮኝ ነበር» አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። «ስለ አንዷ ነገረኝ። ስለዚህች ግን የሚነግረኝ አልነበረም፤ እኔ ራሴ ማየት ነበረብኝ።»

ከዚያ ከሁለቱ ቀፎዎች ማሩን አወጣች። ሌሎቹን የራሷን ቀፎዎችም ከፈተች፤ ጤነኞች ነበሩ፣ ጥቂቶች ግን ደህና። ከየአንዳንዳቸው አንድ አንድ የማር እንጀራ ወሰደች። ምድጃው አጠገብ አሙቃ፣ እንባዋን ሳትጠርግ ሮጠች።

ሳቲባልዲ የደረሰው በዚህ መሐል ነው። በተዘጋው መንገድ ላይ በእግሩ፣ እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ እየሰጠመ ሲመጣ ውሏል። ጺሙ ላይ በረዶ ቋጥሯል። በሩን አልፎ ያየው ምንድን ነው? ቀፎዎቹ የሐር ብርድ ልብስ ለብሰዋል፤ እናቱ በረዶ ላይ ቆመዋል፤ አናርካን የአንዱን ቀፎ ክዳን ከፍታ እጭ የሞላበት እንጀራ በእጇ ይዛለች።

«አንቺ ሴትዮ!» ጩኸቱ ከተራራው ተመለሰ። «ምን እያደረግሽ ነው? ልትጨርሻቸው ነው? አትንኪ አላልኩም?»

በእኛ ወግ ምራት ለባይኬዋ ድምፅ አታነሣም። አናርካን ያን ቀን ዘወርም ሳትል፣ «ዝም ይበሉና ክዳኑን ይያዙልኝ!» ብላ ጮኸችበት።

ሰውየው ደርቆ ቆመ። እጁ ተነሣ፤ የሚመታት መሰለኝና ሸራውን ልጥል ቃጣኝ። አፓ «ሳቲባልዲ!» አሉ። ከዚያ በእንጀራው ዳር ማር ያለቀባቸውን ባዶ ቀዳዳዎች አየ። የንቦቹን አካሄድ አየ። በረዶው ላይ የረገፉትን አየ። እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ጎንበስ ብሎ ክዳኑን ያዘ።

«በዚህ በኩል አስጠጊው» አለ ቀስ ብሎ። «እጩ ያለው ወደ ግራ ነው።»

«አየሁት።»

«ፍጠኚ።»

ሳይመሽ ጨረሱ። በመጨረሻ ቤት ገብተን ምድጃ ከበብን። አፓ ሾርባ አቀረቡ፤ ማንም አልነካውም። ሳቲባልዲ እጁን ማንኪያ ማስያዝ አቅቶት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል።

«ማሩን ከየት አመጣሽው?»

«ከጓዳ። ከዚያም ከእኔዎቹ። ከእንጆሪው ሥር ያለችው እንዳሉት ናት፣ ንግሥት የላትም። ሌላዋ ማር ከጎኗ ሆኖ በርሃብ ሞታለች።» ይህን ስትል ፊት ለፊት አየችው።

እኔ «ነግሬሽ ነበር» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። እውነትም አለ።

«ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረውኝ ነበር።»

«ብርዱ ባይመጣ እኮ እኔ ልክ ነበርኩ።»

«ብርዱ ግን መጣ፣ ባይኬ።»

«ባናውን ማንሣት አልነበረብኝም። እሱን አምናለሁ። የቀረውን አላምንም።»

«እኔም ከፍቼ አለማየቴን ነው የማምነው። የቀረውን አላምንም።»

አፓ ዙራካን ጽዋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረጉት። «በቃ! አባታችሁ ቢሰሙ ሁለታችሁንም በዱላ ነበር። ብሉ!»

በሉ።

በረዶው ሲቀልጥ ጉዳቱ ተቆጠረ። ንቦቹ በብርድ የሞተውን ነጭ እጭ እየጎተቱ ደጃፉ ላይ ጣሉት፤ መሬቱ ሩዝ የፈሰሰበት መሰለ። ሳቲባልዲ ከቀፎዎቹ አንድ አራተኛ የሚሆነውን አጣ፤ አንደኛው ላይ አናርካን ክዳኑን አብዝታ እንደከፈተች ራሷ ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል፣ አልተነጋገሩበትም። የቀሩት ዳኑ። ያ ሁሉ ሩጫ የተሮጠለት ነጭ ግራር ግን እምቡጡ በብርዱ ተቃጥሎ ጠቆረ፤ በዚያ ዓመት አንድ እንኳ አላበበም። ሳቲባልዲ ዛፎቹን ሊያይ ሄዶ ተመልሶ ሲመጣ አየሁት። ከግንቡ ላይ ተደግፎ ብዙ ቆየ።

ይሁን እንጂ የእሱ ንቦች ብዙ ስለነበሩ ቶሎ አገገሙ። ግንቦት ላይ ከጠንካሮቹ ሁለቱን ለሁለት ለሁለት ከፈለና የአናርካንን ባዶ ቀፎዎች ሞላላት። እሷ አልጠየቀችውም። ቀፎዎቹን ተሸክሞ ቦዩን ሲሻገር፣ «የት ላስቀምጣቸው?» ብቻ ነው ያላት። እሷም በጣቷ አሳየችው። ሐምሌ ላይ ባሌ የሁለቱንም ቀፎዎች በአንድ መኪና ጭኖ ወደ ተራራው አወጣቸው፤ ማሩ እዚያ ከሜዳ አበባ መጣ። ብዙ አልነበረም፤ ለሁለት ቤት ግን በቃ።

ብርድ ልብሶቹን በተመለከተ፣ ሐሩ ተበላሽቷል። ልጇ መጥታ አይታ ያለቀሰችበትን ቀዩን ግን አናርካን ፈትታ እንደገና ሰፋችው።

በተከታዩ ዓመት መጋቢት፣ አንድ ሞቃት ቀን ላይ፣ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ሁለቱም ከእሷ ቀፎዎች አጠገብ ቆመዋል። አናርካን ክዳን አንሥታ አንድ ጊዜ አይታ ከደነች።

«ይኼው ነው ማየት?» አለ ሳቲባልዲ። «ሰላምታ ሰጠሻት እንጂ መች አየሻት?»

«ንግሥቲቱ አለች፤ ማሩ ቅርብ ነው። ሌላ ምን ልይ? ቤቷ ገብቼ ሻይ ልጠጣ?»

«የስኳር ውሃ ጨምሪላት።»

«ውሃ እርስዎ ይጠጡ!»

«እኔ ለእኔዎቹ እሰጣለሁ።»

«ይስጡ፤ ባናውን ብቻ አያንሡ።»

«አላነሣሁም። ዐይን የለሽም? ይኸው ከነባናቸው ናቸው።»

አናርካን ወደ ማዶ ተመለከተች። እውነቱን ነው፤ ሁሉም ለብሰዋል። ከዚያ፣ ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ልመለስ ስል፣ ቦዩን ተሻገረችና ከእሱ ቀፎዎች አንዱ ላይ ጎንበስ አለች።

«ይህ ደጃፉ ሰፍቷል፣ ባይኬ። ነፋስ ይገባበታል።»

«ተይው፣ አየር ይፈልጋሉ።»

«ነፋስና አየር አንድ ነው?»

እስከ ምሳ ሰዓት ተከራከሩ። አፓ ዙራካን በመስኮት ሁለት ጊዜ ጠሯቸው። ያን ዓመት ብርድ አልተመለሰም፤ ነጩ ግራር እስከ ወንዙ ድረስ አበበ፤ ግቢያቸው በጠዋት ሲከፈት ጠረኑ እኔ ቤት ይገባ ነበር።